ጥያቄና መልስ፦ ማርሻል ሎው በኮርክ ገጠር፣ 1920–21

ጋሽ ታደሰ፦ እሺ ጠይቁ። መጀመሪያ ግን ልንገራችሁ፣ ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው። ማርሻል ሎው ማለት አገሩን ወታደር የሚገዛበት አዋጅ ነው፣ አይሪሾች ከእንግሊዝ ነፃ ለመውጣት ሲዋጉ እንግሊዞቹ ያወጁት። ደግሞ መላ አየርላንድ ላይ አልታወጀም! ዲሴምበር 10 1920 ኮርክ፣ ኬሪ፣ ሊምሪክና ቲፐሬሪ፣ ከዛ ክሌር፣ ዋተርፎርድ፣ ዌክስፎርድና ኪልኬኒ ተጨመሩ። 8 ካውንቲ፣ አውራጃ በሉት፣ በቃ። ደብሊን የለችበትም።

ብሩኬ፦ ምን አስነሳው ጋሼ?

ጋሽ ታደሰ፦ ብዙ ነገር አለ፣ እንግሊዞቹን ያስደነገጠው ግን ኪልማይክል ነው። ኖቬምበር 28 አይ አር ኤ፣ ለነፃነት የሚዋጋው የአይሪሾች ጦር፣ ኮርክ ገጠር መንገድ ላይ አድፍጦ 17 ኦግዚለሪ፣ ማለት የእንግሊዝ ረዳት ፖሊሶች፣ ገደለ።

ሚሚ፦ ተራው ገበሬስ ምን ደረሰበት?

ጋሽ ታደሰ፦ ይሄ ነው ጥያቄ። እያንዳንዱ አባወራ ቤቱ ውስጥ የሚኖረውን ሰው ሁሉ ስም፣ ፆታ፣ ዕድሜና ሥራ ጽፎ ከበሩ በውስጥ በኩል እንዲለጥፍ ታዘዘ፣ ወታደሩ ሌሊት ገብቶ ከወረቀቱ ጋር ያመሳክራል፣ እና ወረቀቱ ላይ የሌለ የአጎት ልጅ አልጋ ላይ ከተገኘ ጣጣ ነው። የከብት ገበያ ይዘጋል፣ ስለዚህ ወይፈን ሸጦ ኪራይ የሚከፍል ሰው ወይፈኑን እያየ ይቀመጣል። ሳይክልም ያለ ፈቃድ የማይነዳበት ቦታ ነበር። መሳሪያ ይዞ መገኘት ደግሞ ሞት ነው።

ከዛ ደግሞ ቤት ማቃጠሉ አለ። ጃንዋሪ 1 1921 ሚድልተን ላይ 7 ቤት በአንድ የእንግሊዝ ጄኔራል ትእዛዝ ተቃጠለ፣ በግልጽ፣ በወረቀት። ጥፋታቸው ፖሊስ የተመታበት ቦታ አጠገብ እየኖሩ አለመጠቆማቸው ነው። አንድ ሰዓት ተሰጣቸው፣ ውድ ዕቃ አውጡ፣ የቤት ዕቃ ግን አይወጣም ተባሉ።

ሄኖክ፦ ኮርክ ከተማም የተቃጠለችው በዚሁ አዋጅ ነው አይደል?

አቤል ከኮርክ፦ አይደለም ወንድሜ፣ እዚሁ ነው የምኖረው፣ ዲለንስ ክሮስ ላይ ቦምብ ስለተወረወረባቸው ተናደው ነው ኦግዚለሪዎቹ ያቃጠሉት። ፓትሪክ ስትሪት ላይ በአንድ በኩል ያለው ሕንፃ አብዛኛው ከዛ በኋላ የተሠራ ነው።

ሄኖክ፦ አዋጁ በወጣ ማግስት መሆኑስ? ዝም ብሎ ገጠመ?

አቤል ከኮርክ፦ ማግስት መሆኑ ታዘዘ ማለት ነው እንዴ?

ጋሽ ታደሰ፦ አቤል ልክ ነው፣ በቃ አትጨቃጨቁ። አየርላንድ ያለው የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ጄኔራል ማክሬዲ ራሱ ፖሊሱ ሙሉ በሙሉ እጄ አልገባም እያለ ያማርር ነበር። ማርሻል ሎው ተባለ እንጂ ግማሽ ነበር።

ዮኒ፦ እንደኛ ኮማንድ ፖስት በለው 😄

ጋሽ ታደሰ፦ እዛ ውስጥ አልገባም። ቀጥሉ።

ሰላም፦ ፍርድ ቤቶቹ ዝም አሉ?

ጋሽ ታደሰ፦ አሁን ገና! ችግሩ እዚህ ጋ ነው። የእንግሊዝ ፓርላማ ኦገስት 1920 ላይ ሥርዓት ማስመለሻ የሚባል ሕግ አውጥቶ ነበር፣ በሱ መሠረት መሳሪያ መያዝ ብቻውን ሞት አያስፈርድም። ወታደሩ ግን ጆን አለንን፣ የቲፐሬሪ ልጅ፣ ሽጉጥ ይዘሃል ብሎ ሞት ፈረደበት። ጠበቆቹ ደብሊን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሄዱ፣ ዳኞቹ እዛ አካባቢ ጦርነት አለ፣ ጦርነት እስካለ ጣልቃ አንገባም አሉ። ፌብሩዋሪ 28 1921 ኮርክ ውስጥ ከሌሎች አምስት ጋር ተረሸነ። ጁላይ ላይ ኢገን በሚባል እስረኛ ጉዳይ ደግሞ ዳኛ ኦኮነር በተቃራኒው ወሰነ፣ ያ ሕግ ካለ ወታደሩ የራሱን ችሎት ማቆም አይችልም ብሎ። ወታደሩ እስረኛውን አላቀርብም ሲል ዳኛው ማክሬዲ እንዲያዝ ትእዛዝ ሰጠ! ጄኔራል ላይ! መንግሥት ሳይወድ በግድ ሰውየውን ለቀቀው።

ኪያ፦ መላ አየርላንድ ላይ ነበር እንዴ ይሄ?

ጋሽ ታደሰ፦ 8 ካውንቲ! ሳታነቡ ለምን ትጠይቃላችሁ?

ሚሚ፦ ቤት ማቃጠሉ ለምን ቆመ?

ጋሽ ታደሰ፦ አይ አር ኤ በአጸፋው የእንግሊዝ ደጋፊ ባላባቶችን ትልልቅ ቤቶች ማቃጠል ጀመረ። ገበሬው ጎጆ ነው የሚቃጠልበት፣ እነሱ ግን የሚያጡት ብዙ ነው። ጁን 1921 መንግሥት አስቆመው፣ ጁላይ 11 ደግሞ ተኩስ አቁም።

ኪያ፦ ስለዚህ ጥሩ ፊልም ካለ ጠቁሙኝ

ጋሽ ታደሰ፦ ፊልም አላይም።