የአባቱን ሕግ ያልጣለው ሠዓሊ

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን የጨረስኩት በጥብቅና ነው። ሕግ የገባሁት ግን አባቴ ስላሉ እንጂ ልቤስ ሥዕል ላይ ነበር። "ቤተሰብ ያስገባኝ ትምህርት አንገሸገሸኝ" የሚል ወጣት ቤቴ ሲመጣ የማወራለት ስለ ሩሲያዊው ሠዓሊ ስለ ኒኮላይ ሮሪክ ነው።

ሮሪክ በ1874 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ሴንት ፒተርስበርግ ተወለደ። አባቱ እንደኛ ውልና ማስረጃ ያለ ቢሮ ነበራቸው፤ ልጁ እንዲረከባቸው ፈለጉ። ልጁ ሥዕል አለ። ተደራደሩና በ1893 ሕግም ሥዕልም አንድ ላይ ጀመረ። የሕግ መመረቂያውን በምን ላይ ቢሠራ ጥሩ ነው? በጥንታዊት ሩሲያ ሠዓሊዎች በነበራቸው ሕጋዊ አቋም ላይ! ይቺን ብልጠት ልብ በሉልኝ።

ከዚያ ጠበቃ አልሆነም፤ ሣለ። በ1913 ፓሪስን ያንጫጫው፣ የሙዚቃ ደራሲው የስትራቪንስኪ ባሌት (የውዝዋዜ ትርኢት) መድረክና አልባሳት የእሱ ናቸው። ከሩሲያ አብዮት በኋላ አገሩን ለቆ በ1923 ሕንድ ገባ። እሱና ባለቤቱ ሄለና ከሂማላያ ጠቢባን መልእክት ይደርሰናል ይሉ ነበር። እኔ በዚህ አላምንም። የሣላቸውን ተራሮች ግን እዩአቸው፤ ያ ሰማያዊ ከዓይን አይጠፋም።

በ1927 ወደ ቲቤት ዋና ከተማ ወደ ላሳ ሲጓዙ የቲቤት ባለሥልጣናት አስቆሟቸው። አምስት ወር ገደማ፣ ክረምቱን በሙሉ፣ ለበጋ በተሠራ ስስ ድንኳን ውስጥ ከረሙ። ብርዱ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ይደርስ ነበር። ደብዳቤ ይልካሉ፣ መልስ የለም። (ቢሮ የትም ያው ነው።) አምስት ሰው ሞተባቸው፤ የጭነት ከብቶቻቸው ወደ 90 አለቁ።

እንከን የለሽ ሰው አልነበረም። በ1934 የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ድርቅ የሚችል ሣር እንዲፈልግ ወደ ማንቹሪያ (ሰሜን ምሥራቅ ቻይና) ቢልከው፣ ፖለቲካ ውስጥ ገባ ተብሎ ነገሩ በጠብ አለቀ። ያንን ጉዳይ እኔ ብይዘው እረታ ነበር አልልም።

ግን ኤፕሪል 15 ቀን 1935 ዋይት ሐውስ ውስጥ 21 የአሜሪካ አህጉር አገሮች በስሙ የተጠራ ውል ፈረሙ፤ በጦርነት ጊዜ ሙዚየም፣ ትምህርት ቤትና የጥበብ ሥራ እንዳይነካ። ረቂቁን ሌሎች የሕግ ሰዎች ቢያግዙትም ሐሳቡ የዚያ የሁለት ትምህርት ቤት ተማሪ ነው። ምልክቱን ደግሞ ሠዓሊው ሠራው፦ ነጭ ጨርቅ ላይ ቀይ ክብ፣ በውስጡ ሦስት ቀይ ነጥብ።

በ1947 ሕንድ ውስጥ፣ ሂማላያ ሥር፣ ናጋር ላይ አረፈ። እኔም ጡረታ ስወጣ ቀለም ገዛሁ። ተራራዬ እስካሁን ድንች ይመስላል።