ራም አትግዛ፣ ሎክ ነው

ወንድሜ፣ ጠዋት ጠዋት ዳታቤዙ ላይ አፕዴት የሚያደርገው ሁሉ ተሰቅሎ ይቀራል ሲፒዩው ግን ስራ ፈት ነው ካልክ ብዙ ጊዜ ችግሩ የሰርቨር አቅም ሳይሆን ሎክ ነው (አንዱ የያዘውን ዳታ ሌላው እንዳይቀይረው የሚያግድ ቁልፍ)፣ ራም ጨምር ያሉህን አትስማቸው። ዳታቤዝህ ፖስትግሬስ ስለሆነ መጀመሪያ ፒጂ ስታት አክቲቪቲን (አሁን የተገናኙትን ሁሉ የሚያሳየውን pg_stat_activity) ክፈት፣ ዌይት ኢቨንት ታይፕ የሚለው ኮለም ላይ ሎክ የሚለው ወረፋ ላይ ያለው ነው እንጂ ጥፋተኛው እሱ አይደለም። ፒዱን (የግንኙነቱን መለያ ቁጥር) ለፒጂ ብሎኪንግ ፒድስ ፈንክሽን ስጠው (ከፖስትግሬስ 9.6 ጀምሮ አለ)፣ ማን እንደያዘው ይነግርሃል፣ ያም በሌላ ተይዞ ሊሆን ስለሚችል ማንንም የማይጠብቀው ጋ እስክትደርስ ተከተለው። ቃሊቲ ላይ አንድ ሲኖ ትራክ ተበላሽቶ ሰልፉ ገላን ሲደርስ የመጨረሻውን ሚኒባስ ብትጮህበት ምን ዋጋ አለው?

ጫፉ ላይ ብዙ ጊዜ የምታገኘው አይድል ኢን ትራንዛክሽን የሚል ነው፣ ማለትም ቢጊን ብሎ (ስራ ከፍቶ) ሮው ነክቶ ኮሚትም (አፅድቅ) ሮልባክም (ሰርዝ) ሳይል የተቀመጠ። እኛ ገላን ያለው መጋዘን አንዱ ልጅ ስቶክ ላስተካክል ብሎ ከፍቶት ምሳ ሄደ፣ ሽሮውን በልቶ እስኪመለስ አንድም ጭነት አልወጣም 😂 ፒጂ ስታት አክቲቪቲ ላይ ያለው ኩዌሪ (ትዕዛዝ) የሚለው ኮለም ደግሞ እንዳይሸውድህ፣ የሚያሳይህ መጨረሻ የሮጠውን ነው፣ ሎኩን የያዘው ከዛ በፊት የነበረው ሊሆን ይችላል።

ለዚህ የሚሮጠውን ኩዌሪ ብቻ የሚያቆመው ፒጂ ካንስል ባክኤንድ አይሰራም፣ የሚሮጥ ኩዌሪ የለውማ፣ ግንኙነቱን የሚቆርጠው ፒጂ ተርሚኔት ባክኤንድ ነው የሚያወጣህ። ግን ኮሚት ያልሆነው ስራ ስለሚጠፋ የማን እንደሆነ መጀመሪያ ጠይቅ። እንዲህ ከፍቶ የተቀመጠውን ጊዜው ሲያልፍ ራሱ የሚቆርጠው ሴቲንግ፣ አይድል ኢን ትራንዛክሽን ሴሽን ታይምአውት፣ ዲፎልቱ 0 ነው፣ ማለት ጠፍቷል፣ 5 ደቂቃ አድርገውና ነገ ጠዋት ያየኸውን ፃፍልን።