«ዲዛይን ቲዎሪ ወረቀት ብቻ ነው» ላሉሽ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በሜካኒካል ምህንድስና ተመርቀሽ እዚሁ ጎንደር እየሠራሽ ነው። ማስተርስሽን በዲዛይን ቲዎሪ መቀጠል ትፈልጊያለሽ፣ ስለ ቲሲስ (የመመረቂያ ጥናት)ም ጠይቀሻል። ጓደኞችሽ ግን «ዲዛይን ቲዎሪ ወረቀት ብቻ ነው፣ ማኑፋክቸሪንግ ይሻልሻል» ብለውሻል። እኔ በዚሁ ዘርፍ ማስተርሴን ጨርሻለሁ፣ አሁንም ከሥራው አልራቅኩም። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ዲዛይን ቲዎሪ ሶሊድወርክስ በሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ሥዕል መሳል አይደለም። ሥዕሉ ከመሳሉ በፊት ያለውን ሥራ ነው የሚያጠናው። ተጠቃሚው ምን ቸገረው? ማሽኑ ምን ማድረግ አለበት? ከብዙ መንገዶች የትኛው ይመረጥ፣ በምን ምክንያት? በመጀመሪያ ዲግሪ ይህን ዘለን ነው የምናልፈው። ጥያቄው ተዘጋጅቶ ይሰጠናል፣ ዘንጉን እናሰላለን፣ ቤሪንጉን ከሠንጠረዥ እንመርጣለን፣ አለቀ።

እኔን ያሳመነኝ የጤፍ መውቂያ ማሽን ነው። ወደ ደምቢያ ወረድ ብዬ ሲሠራ ቆሜ ያየሁት ማሽን አንድ ሞተር ነው ያለው። ያው ሞተር ጤፉን የሚወቃውን ከበሮም እብቁን የሚያነፍሰውን ማራገቢያም በቀበቶ ያዞራል። ጤፉ ከነዶው አልላቀቅ ሲል ማሽኑን የሚያሠራው ልጅ ነዳጅ ይሰጠዋል። ከበሮው ይፈጥናል፣ ማራገቢያውም አብሮ ይፈጥናል። የጤፍን ነገር ታውቂዋለሽ፣ አንድ ሺህ ፍሬ አንድ ግራም አይሞላም። ነፋሱ ሲበረታ ፍሬው ከእብቁ ጋር ይሄዳል። ነዳጅ ሲቀነስ ደግሞ እብቁ ከፍሬው ጋር ይቀራል። ገበሬው ከኋላ ቆሞ የሚበተነውን እህሉን ያያል።

ብየዳው ጠንካራ ነው። ሞተሩም በቂ ጉልበት አለው። ችግሩ ሁለት ሥራዎች በአንድ ማስተካከያ መታሰራቸው ነው። በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ናም ሱህ አክሲዮማቲክ ዲዛይን በሚባለው ቲዎሪው የመጀመሪያ አክሲዮም (መሠረታዊ ሕግ) ያደረገው ይኼንኑ ነው፦ ማሽኑ የሚፈለግበት እያንዳንዱ ተግባር ሌላውን ሳይነካ መስተካከል መቻል አለበት። ሁለቱን ተግባሮች ካለው አንድ ማስተካከያ ጋር በትንሽ ማትሪክስ (ሠንጠረዥ) ስትጽፊያቸው ጉድለቱ ፊትሽ ይመጣል። ከዚያ መፍትሔው ሩቅ አይደለም። በማራገቢያው የአየር መግቢያ ላይ የሚከፈትና የሚዘጋ ቆርቆሮ ይገጠማል። መጀመሪያ የከበሮው ፍጥነት ይስተካከላል፣ ቀጥሎ ነፋሱ። ቅደም ተከተሉ እስከተጠበቀ ድረስ ሁለቱም ይሳካሉ። ለጎበዝ ብየዳ ሠራተኛ ቀላል ሥራ ነው። ቲዎሪው የሚሰጥሽ ቆርቆሮው የት እንደሚገባ የማየት ዓይን ነው።

ያንኑ ማሽን ትሪዝ ለሚባለው የፈጠራ ችግር መፍቻ ዘዴ ስጪው፣ ሌላ ነገር ያሳይሻል። ትሪዝን የጀመረው የሶቪየቱ ጌንሪክ አልትሹለር ነው፤ ብዙ የፈጠራ ባለቤትነት ሰነዶችን አጥንቶ ነው እዚያ የደረሰው። ትሪዝ የሚፈልገው ተቃርኖውን ነው። ነፋሱ ብርቱም ደካማም መሆን አለበት። ታዲያ በቦታ ለየው፤ ገለባው በሚወጣበት ብርቱ፣ ፍሬው በሚወርድበት ደካማ ይሁን። ይህ ከቆርቆሮው ፈጽሞ የተለየ ማሽን ይወልዳል። ሁለት ቲዎሪ፣ ሁለት መልስ። እኔ ትምህርቱን የወደድኩት እዚህ ላይ ነው።

ከእነዚህ ሌላ ፓልና ባይትዝን ታነቢያለሽ። እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ የጀርመኑን ደረጃ በደረጃ አካሄድ ያስያዙ ናቸው። ኸርበርት ሳይመን እ.ኤ.አ. በ1969 ዲዛይንን እንደ ሳይንስ እንዴት እንዳቀረበው፣ አትሹዌልና ቬይ ፓሪስ ላይ ያወጡት ሲኬ (ፅንሰ ሐሳብና ዕውቀት) ቲዎሪም አለ። ሲኬን ለመጨረሻ ብታቆዪው ይሻላል፣ ሌሎቹን ሳያውቁ ይከብዳል።

የሚከብደው ሒሳቡ አይደለም። ከባዱ ትክክለኛ መልስ ያልተጻፈለትን ጥያቄ ይዞ መከራከር ነው። ብዙ ማንበብና ብዙ መጻፍ አለ። ይህን ካልወደድሽው ጓደኞችሽ ልክ ናቸው፣ ማኑፋክቸሪንግ ግቢ።

ስለ ቲሲስ የጠየቅሽው ላይ ግን አጥብቄ የምነግርሽ አለ። ብዙ ቲሲስ ላይ የፑ ማትሪክስ የሚባለው የዲዛይን ሐሳቦች ማወዳደሪያ ሰንጠረዥ የሚሞላው ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ነው። ተማሪው የወደደው ዲዛይን ሁልጊዜ አንደኛ ይወጣል። ይኼ በጣም ያናድደኛል። የማትሪክሱ ባለቤት ስቱዋርት ፑ ያለው ሌላ ነው። አንዱን ሐሳብ መነሻ አድርጊ፣ ሌሎቹን ከእሱ ጋር በመደመርና በመቀነስ ምልክት አወዳድሪ፣ የተሸነፉትን ጥሩ ጎን ወስደሽ አዲስ ሐሳብ ሥሪ፣ ከዚያ እንደገና አወዳድሪ። ሰንጠረዡ መወያያ ነው።

ብሌሲንግና ቻክራባርቲ እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጡትን የዲዛይን ምርምር አካሄድም ከአሁኑ አንብቢው። አራት ደረጃ አለው፦ የስኬት መለኪያሽን ማጥራት፣ አሁን ያለውን ማጥናት፣ መፍትሔ ማቅረብ፣ መፍትሔው በእርግጥ መሥራቱን መፈተሽ። ብዙዎቻችን ሦስተኛው ላይ እንጀምርና እዚያው እንጨርሳለን። አንቺ ሁለተኛውን በደንብ ብትሠሪ እንኳ ጥሩ ቲሲስ ይወጣዋል። አራዳ ገበያ አካባቢና አዘዞ ያሉ ብረታ ብረት ቤቶችን ጠይቂ። አንድ ባለሙያ ሳይስል፣ ሳያሰላ መጠኑን የሚወስነው በምንድነው? ደንበኛው ሲያማርር ምኑን ይቀይራል? ይህ ራሱን የቻለ የምርምር ጥያቄ ነው።

ሥራን በተመለከተ፣ «ዲዛይን ቲዎሪስት ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ አትጠብቂ። ማስተማር፣ የምርት ማሻሻያ፣ የእርሻ መሣሪያ ምርምር ላይ ግን ይጠቅምሻል።

መውቂያውን ከመረጥሽ ጊዜውን አስቢበት። ጤፍ የሚወቃው ከአጨዳ በኋላ በበጋ ነው። ፕሮፖዛልሽን በክረምት ጨርሰሽ አማካሪሽን አስፈርሚ። ወቅቱ ካለፈ ማሽኑን ቆሞ ነው የምታገኚው፣ ገበሬውም ነፋሱ ምን እንደወሰደበት ሊያሳይሽ አይችልም።