የአንድ ተዋናይ ሰባት ዓመታት፦ የሕይወት ታሪክ ለምትጽፉ ወጣቶች

የተዋንያንን የሕይወት ታሪክ በኢንተርኔት የምትጽፍ አንዲት ወጣት በቅርቡ፣ «ሦስት ድረ ገጾች አንድ ዓይነት ዓመት ከጻፉ ማረጋገጫ አይሆንም ወይ?» ስትል ጠየቀችኝ። አይሆንም ብዬ በአጭሩ መለስሁላት፤ ይሁን እንጂ ጥያቄዋ በኪነ ጥበብ ጋዜጠኝነት ሳገለግል ያየሁትንና እስከ ዛሬ የሚቆጨኝን ነገር ስለቀሰቀሰብኝ ለእናንተም ልጽፈው ወደድሁ።

ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ቤት በ1948 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ የጫኑበት 25ኛ ዓመት ሲከበር፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ ተመረቀ፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር 1955 መሆኑ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ተቀጣሪዎች መካከል ሁላችንም ጋሼ እያልን የምንጠራቸው አንድ ተዋናይ ነበሩ። በውጭ ቋንቋ የታተመ አንድ በራሪ ወረቀት በ1955 ሥራ እንደ ጀመሩ በትክክል ጻፈ፤ ወደ አማርኛ የመለሰው መጽሔት ግን ቁጥሩን እንዳለ ወስዶ «ዓ.ም.» ጨመረበት። በዚያች ጭማሪ የሰውየው ሰባት የመድረክ ዓመታት ጠፉ። ጋዜጦች ከመጽሔቱ፣ ሬዲዮውም ከጋዜጦቹ ቀዳ። እሳቸው «እኔ እኮ በምርቃቱ ዕለት ነበርሁ» እያሉ ቢናገሩም፣ የታተመ ነገር ከአፍ ይበልጣል የሚል እምነት ስለነበረ፣ ሽማግሌው ዘንግተው ነው ተባለ። ሲያርፉ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ የተነበበው የሕይወት ታሪካቸው ያንኑ 1955 ዓ.ም. ደገመው፤ አብረዋቸው የሠሩ ሁለት አዛውንቶች ራሳቸውን ሲነቀንቁ አይቻለሁ። ከአርባቸው በኋላ ልጃቸው ከሳጥን ያወጣችው የቅጥር ደብዳቤ ጠርዙ ቢያልቅም በጽሕፈት መኪና የተመታው ቀን ይነበባል፤ ጥቅምት 1948 ዓ.ም. ይላል፣ ከሥሩም ክብ ማኅተምና በሰማያዊ ቀለም የተጣለ ፊርማ አለ። እርማቱ ታተመ፤ እሳቸው ግን አላነበቡትም።

ከአፍ ይልቅ ወረቀት እመኑ ብዬ ሁልጊዜ እመክራለሁ፤ የእኚህ ሰው አፍ ግን ከታተመው ወረቀት ሁሉ ትክክል ነበር። ሁለቱን የማስታርቅበት መንገድ ወረቀቱ ራሱ ከየት እንደ ቀዳ መጠየቅ ብቻ ነው። የዛሬ ወጣት ፈጣን ነው፤ ፍጥነቱን አልጠላውም፤ ነገር ግን ሊንክ ሲቆጥር ምንጭ የቆጠረ ይመስለዋል። አይኤምዲቢ በተባለው የፊልም መረጃ ድረ ገጽ ላይ የምታገኙት መረጃ አብዛኛው ተጠቃሚዎች የሚያስገቡት ነው። ዊኪፔዲያም ቢሆን አንዱን የራሱን ጽሑፍ ለሌላው ምንጭ አድርጎ መጥቀስን በደንቡ አይፈቅድም።

የዘመን አቆጣጠሩን በተመለከተ፣ የእኛን ዓመት ወደ ፈረንጆቹ ለመመለስ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ለተወለደ ሰው 7፣ ከዚያ በኋላ ለተወለደ 8 ይደመራል። በ1940 ዓ.ም. ተወለዱ ብቻ ተብሎ ወሩ ካልተገለጸ፣ በፈረንጆቹ 1947 ወይም 1948 ብሎ ሁለቱንም መጻፍ ታማኝነት ነው፤ አንዱን መርጦ መጻፍ ግን ግምትን እውነት ማስመሰል ነው።

የፊልም ተዋንያንን ታሪክ የምትጽፉ ሥራችሁ ይቀላል። ደበበ እሸቱ በ1973 እ.ኤ.አ. በወጣው «ሻፍት ኢን አፍሪካ» መሥራታቸውን ለማረጋገጥ የፊልሙን የተዋንያን ዝርዝር ማየት ይበቃል። የመድረክ ሰው ግን መጋረጃው ከተዘጋ በኋላ እንዲህ ያለ ምስክር አይኖረውም። ስለዚህ ወደ ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ወይም ስድስት ኪሎ ወዳለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሄዳችሁ የቆዩ የአዲስ ዘመን እትሞችን አገላብጡ፤ የቴአትር ማስታወቂያው ከነቀኑ እዚያ ይገኛል። ቤተሰብ ዘንድ ስትሄዱም የፎቶግራፉን ጀርባ ገልብጣችሁ በስልካችሁ አንሱ፤ የፎቶ ቤቱ ማኅተምና በእርሳስ የተጻፈው ቀን ብዙ ጊዜ ያለው እዚያ ነው።

ተዋናዩ በሕይወት ካሉ ደግሞ ከማውጣታችሁ በፊት ረቂቁን አንብቡላቸው፤ «ይህ ዓመት ልክ አይደለም» ካሉም ቁጥሩ መጀመሪያ ከየት እንደ መጣ እስክታገኙ ድረስ አትጻፉት።