«ጀስት» ሁልጊዜ «ብቻ» ነውን?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ ዓምድ ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል አምስቱ፣ ጠያቂዎቹ ሳይመካከሩ፣ በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ላይ ተገናኝተዋል። ቃሉ «ጀስት» ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በየደቂቃው ይጠሩታል፤ የእኛ ሰው ግን «ብቻ» ብሎ ተርጉሞት ያልፍና መዘዙ በኋላ ይመጣል።

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ በመተርጎም የምተዳደር ሰው ነኝ። በቅርቡ ስለ አንድ ዳኛ ሕይወት በተጻፈ ጽሑፍ ውስጥ «ሂ ዋዝ ኤ ጀስት ማን» የሚል ዓረፍተ ነገር አገኘሁና «ሰው ብቻ ነበር» ብዬ ተረጎምኩት። አራሚው «ሰውየውን አዋረድኸው» የሚል ማስታወሻ ጽፎ መለሰልኝ። መዝገበ ቃላት ስከፍት ደግሞ ለዚህ ቃል የተደረደሩት ፍቺዎች ብዛት ግራ አጋባኝ። የትኛውን መቼ እንደምወስድ በምን ልለይ?

መልስ፦ አራሚዎ እውነት አላቸው። እርስዎ የጻፉት አማርኛ የተሳሳተ አማርኛ አይደለም፤ የሌላ ዓረፍተ ነገር ትርጉም ነው እንጂ። «ሂ ዋዝ ጀስት ኤ ማን» የሚል ቢያጋጥምዎ ኖሮ «ሰው ብቻ ነበር» ማለትዎ ያስመሰግንዎት ነበር። ልዩነቱ «ኤ» የምትባለው አንዲት ፊደል የቆመችበት ቦታ ነው። «ጀስት» በ«ኤ» እና በስሙ መካከል ሲገባ ቅጽል ይሆናል፤ ቅጽል ሲሆን ደግሞ «ፍትሐዊ»፣ «ቅን»፣ «ተገቢ» ከሚሉት ርቆ አይሄድም፤ በቆዩ መንፈሳዊ ጽሑፎች ውስጥ «ጻድቅ» ለማለት የሚያገለግለውም ይኸው ቅጽል ነው። ከ«ኤ» ቀድሞ ሲመጣ ግን ተውሳከ ግሥ ሆኖ ሰውየውን ከማንኛውም ሰው እኩል ያደርገዋል። ዳኛውን በአንዲት ፊደል ከወንበራቸው አውርደዋቸዋል ማለት ነው።

አንድ ቃል እንዲህ ዓይነት ሁለት ጠባይ ከየት አመጣ ቢሉ፣ መልሱ በታሪኩ ውስጥ ይገኛል። መነሻው «ዩስ» የሚለው የላቲን ቃል ሲሆን ሕግ ወይም መብት ማለት ነው፤ ከእሱ የወጣው «ዩስቱስ» በሕጉ መሠረት የሆነ፣ ትክክለኛ ማለት ነበር። ቅጽሉ በፈረንሳይኛ በኩል አልፎ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንግሊዝኛ ውስጥ ይታያል፤ ፍትሕ ማለት የሆነው «ጀስቲስ» እና ዳኛ ማለት የሆነው «ጀጅ» የዚሁ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው። በ1400 ገደማ ቃሉ «በትክክል»፣ «ሳይዛነፍ» ለማለት ማገልገል ጀመረ። «ብቻ» የሚለው ፍቺ፣ ዛሬ ሁላችንም አስቀድመን የምናስበው፣ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። እኛ ቃሉን የምንማረው ታሪኩ ባለቀበት በኩል ገብተን ስለሆነ መነሻው እንግዳ ይሆንብናል።

ይህን ጉዞ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ «ልክ» የሚለውን የራሳችንን ቃል ማየት ይበቃል። ልብስ በልክ ይሰፋል፤ «ልክ ነህ» ስንል እውነት አለህ ማለታችን ነው፤ «ልክ ስገባ ወጣ» ስንል ሁለት ድርጊቶች ክፍተት ሳይኖራቸው መገጣጠማቸውን እናሳያለን፤ «ልክ እንደ አባቱ» ስንል መመሳሰልን እንናገራለን፤ «ልኩን አያውቅም» ስንል ደግሞ በሰው ጠባይ ላይ እንፈርዳለን። መለኪያ፣ እውነት፣ ጊዜ፣ መመሳሰልና ፍርድ በአንድ ቃል ሲገናኙ ማንም አማርኛ ተናጋሪ አይደናገርም። «ጀስት» የሚለየው አንድ እርምጃ አልፎ በመሄዱ ነው፤ ከልኩ ያላነሰ ነገር ከልኩም ያላለፈ ነውና «ከዚያ ያላለፈ» ከሚለው ሐሳብ «ብቻ» ተወለደ። በኮምፒውተር ጽሑፍ ሲያዘጋጁ የመስመሮቹን ሁለት ጠርዞች እኩል የሚያደርገው ትእዛዝ «ጀስቲፋይ» መባሉም ከዚሁ የመጣ ነው፤ ፍትሕና የገጽ ኅዳግ ምን አገናኛቸው ያሰኛል እንጂ ሁለቱም ልክ ማስያዝ ናቸው።

እንግዲህ በምን ይለዩት? የእኔ ምክር መዝገበ ቃላቱን ከመክፈትዎ በፊት ከ«ጀስት» ቀጥሎ የቆመውን ቃል እንዲመለከቱ ነው። ቀጥሎ ቁጥር ካለ አብዛኛውን ጊዜ «ብቻ» ነው፤ «ጀስት ቱ ፔጅስ» ሁለት ገጽ ብቻ ነው። ቀጥሎ «ላይክ» ካለ «ልክ እንደ» ይበሉ። ቀጥሎ የትእዛዝ ግሥ ከመጣ አማርኛው «እስቲ» ወይም «ዝም ብለህ» ይሆናል፤ «ጀስት ኢማጂን» የሚለውን «እስቲ አስበው» እንጂ «ብቻ አስበው» የሚል ሰው ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። ቀጥሎ አሉታዊ ግሥ ሲኖር ደግሞ «በቃ» የሚለው ቃላችን ቁልጭ አድርጎ ይገልጸዋል፤ «አይ ጀስት ዶንት ላይክ ኢት» ማለት «በቃ አልወደውም» ነው፤ ምክንያት አትጠይቀኝ የሚለው ስሜት ሳይቀር ይተላለፋል። «ኦንሊ ጀስት» ሲሆን «ለጥቂት» ነው፤ ባቡር ላይ «ኦንሊ ጀስት» የደረሰ ሰው ለጥቂት ሳያመልጠው የተሳፈረ ነው።

ይህ ዘዴ የማይሠራባቸው ሁለት አባባሎች አሉ፤ እነሱን እንዳሉ መያዝ ይሻላል። «ጀስት ኢን ኬዝ» የሚለው «ለማንኛውም» ነው፤ ዝናብ ባይኖርም ለማንኛውም ጃንጥላ ያዝ እንደምንለው። «ጀስት አዝ ዌል» ደግሞ «እንኳንም» ነው፤ «ኢት ኢዝ ጀስት አዝ ዌል ዩ ኬም» የሚልዎ ሰው «እንኳንም መጣህ» እያለዎ ነው። ቃል በቃል የተረጎመው ሰው «ልክ እንደ ደህና» የሚል የትም የማያደርስ ሐረግ ይዞ ይቀራል።

ጥያቄ፦ ከአንድ የውጭ አገር ባልደረባዬ ጋር በጽሑፍ እየተላላክን እንሠራለን። አስቸኳይ ጉዳይ ጽፌለት ከሰዓታት በኋላ «አይ ጀስት ሶው ዩር ሜሴጅ» ሲል መለሰልኝ። «መልእክትህን አየሁት ብቻ» ማለቱ መስሎኝ፣ አይቶ ችላ አለኝ ብዬ ለአንድ ሳምንት ያህል ተቀይሜው ቆየሁ። ተሳስቼ ይሆን?

መልስ፦ ተሳስተዋል፤ ባልደረባዎ እንዲያውም ይቅርታ እየጠየቁ ነበር። የጻፉት በአማርኛ «መልእክትህን ገና ማየቴ ነው» ማለት ነው። ይህን የአማርኛ አነጋገር ልብ ይበሉልኝ፤ «መምጣቴ ነው»፣ «መስማቴ ነው»፣ «መነሣቴ ነው» ስንል ድርጊቱ በዚህች ቅጽበት እንደተፈጸመ የሚያሳይ ራሱን የቻለ የግሥ አሠራር አለን። እንግሊዝኛ እንዲህ ያለ ስላልታደለ ሥራውን ሁሉ ለ«ጀስት» ሰጥቶታል። ድርጊቱ ገና ሊፈጸም ሲልም እንዲሁ ነው፤ «አይ ዋዝ ጀስት አባውት ቱ ኮል ዩ» የሚለው «አሁን ልደውልልህ ስል ነበር» ነው፤ አባባሉን ያለ እውነት የሚጠቀሙበት ሰዎች በሁለቱም ቋንቋዎች ብዙ መሆናቸው ሳይዘነጋ።

ስሕተትዎ ግን ከምንም የተነሣ አይደለም። «አይ ጀስት ሶው ሂም» የሚለው ዓረፍተ ነገር በወረቀት ላይ ሲቀመጥ በእርግጥ ሁለት ትርጉም አለው። «ገና አሁን አየሁት» ሊሆን ይችላል፤ «አየሁት እንጂ አላነጋገርኩትም» ሊሆንም ይችላል። ሲነገር ድምፅ ይለየዋል፤ ተናጋሪው «ጀስት» የሚለውን ካጠበቀ ስለ ጊዜ ነው፤ «ሶው» የሚለውን ካጠበቀ ማየትን ከማነጋገር እየለየ ነው። በጽሑፍ ግን ድምፅ የለም። የብሪታንያ ሰዎች በዚህ ጊዜ «አይ ሃቭ ጀስት ሲን ሂም» ማለትን ይመርጣሉ፤ «ሃቭ» ሲገባ ዓረፍተ ነገሩ ወደ ጊዜ ያዘነብላል። አሜሪካውያን «ሃቭ» የሚለውን ብዙ ጊዜ ይተዉታል። ባልደረባዎ የጻፉት በዚህ በሁለተኛው መንገድ ነው። እርስዎ ሲጽፉ ግን፣ በተለይ አንባቢዎ እንግሊዝኛን እንደ እርስዎ በትምህርት ያገኘ ከሆነ፣ «ሃቭ» የሚለውን ቢጨምሩ ቅያሜ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ «ጀስት» እና «ኦንሊ» አንድ ናቸው ተብሎ ተምረናል። በማንኛውም ቦታ ማለዋወጥ ይቻላል? «ኖት ጀስት» እና «ጀስት ኖት» የሚሉትስ ይለያያሉ?

መልስ፦ ቁጥርና መጠን ሲወስኑ ይለዋወጣሉ፤ ከዚያ ውጭ ግን ሁልጊዜ አይለዋወጡም። «ኦንሊ» ገና መፈጸምን፣ ልክ መገጣጠምን፣ «በቃ» የሚለውንም ስሜት አያሳይም። «ጀስት» በበኩሉ የብቸኛነት ቅጽል መሆን አይችልም። «ሺ ኢዝ አን ኦንሊ ቻይልድ» ለወላጆቿ አንድያ ልጅ መሆኗን ይናገራል፤ «ሺ ኢዝ ጀስት ኤ ቻይልድ» ግን «ገና ልጅ ናት፣ አትፍረዱባት» ማለት ነው። «ገና» የሚለውን ልብ ይሏል፤ እዚህ ላይ «ልጅ ብቻ ናት» ብሎ የሚተረጉም ሰው እንግሊዝኛውን ሳይሆን አማርኛውን ነው የሚያበላሸው።

ይህን ስል ግን «ብቻ» ምስኪን ቃል ነው እያልኩ አይደለም። ከስም ኋላ ቆሞ ሲወስን አንድ ነው፤ ዓረፍተ ነገር ከፍቶ «ብቻ አንተ ና» ሲል ሌላ ነው፤ ሌላውን ተወውና መምጣትህን አትተው ማለት ይሆናል። የስፖርት ዕቃ አምራቹ ናይኪ ከ1988 ጀምሮ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የሚጠቀምበት «ጀስት ዱ ኢት» የሚለው መፈክር ወደ አማርኛ ቢመለስ እኔ የምመርጠው ይህን ባለ ሁለተኛ ጠባይ «ብቻ» ወይም «በቃ» የሚለውን ነው። «ዝም ብለህ አድርገው» ቢባልም ያስኬዳል፤ ነገር ግን «ሳታስብ አድርገው» የሚል ጥላ ስላለው አይጥመኝም።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ የሁለቱ ልዩነት ሰፊ ነው። «ሺ ኢዝ ኖት ጀስት ኤ ቲቸር» ሲባል አስተማሪ ናት፣ ከዚያም በላይ ናት። «ሺ ኢዝ ጀስት ኖት ኤ ቲቸር» ሲባል ግን በቃ አስተማሪ አይደለችም፤ ብዙ ጊዜም ለሥራው አልተፈጠረችም የሚል ወቀሳ አለበት። ለአንዲት መምህርት የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ቃላቱን ቢያፈራርቅ የሚሆነውን ያስቡት።

ጥያቄ፦ በእንግሊዝኛ በምንለዋወጣቸው የሥራ ደብዳቤዎች ውስጥ «አይ ጀስት ዎንትድ ቱ አስክ» የሚለውን ደጋግሜ አያለሁ። ቃሉ ቢወጣ ትርጉሙ የሚጎድል አይመስለኝም። ታዲያ ለምን ይገባል?

መልስ፦ መረጃ አይጎድልም፤ የሚጎድለው ለስላሳነቱ ነው። እኛ «ለመጠየቅ ያህል ነው»፣ «ለማስታወስ ያህል» ስንል «ያህል» የሚለው ቃል የሚሠራውን ሥራ እዚያ የሚሠራው «ጀስት» ነው፤ ጉዳዩን አሳንሶ ያቀርብና ተቀባዩ እንዳይጨነቅ ያደርገዋል። አንድ ጊዜ ሲገባ ትሕትና ነው። በአንድ ገጽ ውስጥ አራት ጊዜ ከገባ ግን ጸሐፊው መብቱ የሆነውን ነገር እንኳ ለመጠየቅ የሚያፍር ያስመስለዋል። የዘገየ ክፍያ ለሚጠየቅበት ደብዳቤ አይመከርም።

ጥያቄ፦ አንድ የደቡብ አፍሪካ ተወላጅ «ጀስት ናው» እመጣለሁ ብሎኝ አንድ ሰዓት አስጠበቀኝ። ዋሽቶኝ ነው?

መልስ፦ አልዋሹም። በሌላው ዓለም «ጀስት ናው» ካለፈ ግሥ ጋር «አሁን ገና» ወይም «ቅድም»፣ ከአሁን ግሥ ጋር ደግሞ «በአሁኑ ሰዓት» ነው። በደቡብ አፍሪካ እንግሊዝኛ ግን «ትንሽ ቆይቶ» ማለት ሲሆን፣ ያ «ትንሽ» ስንት እንደሆነ አይታወቅም። ቶሎ እንደሚመጡ ሊነግሩዎ ቢፈልጉ ኖሮ «ናው ናው» ይሉ ነበር። ይህንንም ግን «አሁን አሁን» ብለው እንዳይተረጉሙት፤ የእኛው «አሁን አሁን» የሚናገረው ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ስለሆነ ነገር ነው፣ እየመጣ ስላለ ሰው አይደለም።