ስለ ቦርጭና ውፍረት ጠይቁኝ

የደም ግፊትና የስኳር ክትትል ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ከፒያሳ፣ ከአራት ኪሎና ከካዛንቺስ የመጡትን ጥያቄዎች በተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ሰው በሚራብበት አገር ስለ ውፍረት ማውራት ቅንጦት አይሆንም?

አይሆንም። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች ክብደታቸው ከመጠን ያለፈውን በገጠር 4፣ በከተማ 21 ከመቶ ሆነው አግኝቷቸዋል። ቦምቦሊኖና ሳምቡሳ በየደጃፉ ነው፤ ደሃም ይወፍራል።

ጥያቄ፦ ቁመቴ 1.68 ሜትር፣ ክብደቴ 85 ኪሎ ነው። ሰዉ “ተመችቶሃል” ይለኛል።

85ን ለ1.68 አካፍል፤ የመጣውን እንደገና ለ1.68። 30 ይሆናል። ከ25 ጀምሮ ክብደት በዝቷል፣ ከ30 ጀምሮ ደግሞ በሕክምናው ውፍረት ይባላል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከሚዛኑ ይልቅ ቦርጩ ነው። በልብስ ሰፊ ሜትር፣ ከታችኛው የጎድን አጥንትና ከዳሌህ መሃል ላይ ወገብህን ለካ። ወንድ ከ94፣ ሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር ካለፉ ስጋቱ ይጀምራል፤ 102 እና 88 ካለፉ ይብሳል። የሆድ ስብ፣ የደም ስኳርን የሚቆጣጠረው ኢንሱሊን ሥራውን በደንብ እንዳይሠራ ያደርጋል፤ ስኳሩም ግፊቱም አብረው ይከተላሉ። ሁለቱንም ተመርመር፣ ሕመም እስኪሰማህ አትጠብቅ።

ጥያቄ፦ ሥጋና ቅቤ በማልነካበት በጾም ወር ነው የምጨምረው። ለምን ይሆን?

እህቴ፣ ይህን የማይጠይቀኝ የለም። እስኪ ድስቱን እዪው። በቅቤው ቦታ ዘይት ይንቆረቆራል፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻ 120 ካሎሪ ገደማ አለው። ሽሮው ዘይት፣ ምስሩ ዘይት፣ ድንች ጥብሱ ዘይት። የሚረጋው የፓልም ዘይት ደግሞ ግማሽ ያህሉ ለልብ የማይበጅ ስብ ነው። ቁርስ ስለቀረ ከሰዓት በኋላ የሁለት ጊዜ ምግብ በአንዴ ይገባል። ጾምሽን አትንኪ፤ ሽንኩርቱን በደረቁ፣ ከዚያ በትንሽ ውሃ አቁላዪው፤ እናቶቻችን ያውቁበታል። ዘይቱን ከጠርሙሱ አታፍስሺ፣ በማንኪያ ለኪው። ኢንሱሊን የምትወጉ ግን ሐኪም ሳታማክሩ እንዳትጾሙ።

ጥያቄ፦ ለስላሳ ትቼ ስፕሪስ ጀመርኩ። ጎበዝ ነኝ?

ስኳር ካስጨመርክበት ብዙም አልተሻሻልክም። በ300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ውስጥ ስምንት የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር አለ። ፍሬውን ብላው።

ጥያቄ፦ ቀኑን ሙሉ ቢሮ ተቀምጬ እውላለሁ፤ ለጂም የሚተርፍ ገንዘብ የለኝም።

በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ይበቃል። ከአራት ኪሎ ፒያሳ ታክሲ የምትጠብቅበት ሰዓት በእግር ያደርስሃል፤ መንገዱም አሁን ሰፍቷል። ደግሞ እርምጃ ብቻውን ድስቱን አያሸንፍም፣ ከላይ ያልኩትን አንብብ።

ጥያቄ፦ የማቅጠኛ ሻይስ?

አትግዙ። ብዙው የሚያስቀምጥ ነው፤ የሚቀንሰው ውሃ እንጂ ስብ አይደለም።

ጥያቄ፦ የሦስት ወር የወሊድ መከላከያ መርፌ አወፈረኝ፣ ላቁመው?

አንዳንዶችን ያወፍራል፣ እውነትሽን ነው። በራስሽ ግን አታቋርጪ፤ ቀጠሮሽ ሳያልፍ ሄደሽ ንገሪያቸው፣ እንደ ሉፕ (ማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ መከላከያ) ያለ ሌላ አማራጭ አለ።