ጋሼ፣ ይህች ሽጉጥ እውነተኛ ናት?

የአሮጌ ዕቃ ወዳጆች ዓምድ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ስድስት ዓመት ያስታመምኳቸው አሜሪካዊ አዛውንት ዘንድሮ አረፉ። ከቀብሩ በኋላ ልጃቸው «አባቴ ለአንቺ ይሁን ብሎ ነበር» ብላ አንዲት የእንጨት ሳጥን ከአጭር ደብዳቤ ጋር ሰጠችኝ። ስከፍታት ውስጧ መዳፌ ላይ የምታርፍ ትንሽ ሽጉጥ አለች። ደንግጬ ሁለት ቀን አልነካኋትም። ጎኗ ላይ በላቲን ፊደል «ደሪንጀር»፣ ከሥሩ ደግሞ «ፊላደላ» የሚል ጽሑፍ አለ። ባለቤቴ ጌጧ ብር ነው፣ በደንብ ወልውለን እናስገምታት ይላል። እውነተኛ ናት? ምን ያህልስ ታወጣለች? ፎቶዎቿን ልኬያለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ሟቹን ነፍስ ይማር። ሁለት ቀን አለመንካትሽ ደግ አደረግሽ። ባለቤትሽም ጨርቁን ያስቀምጥልኝ፤ ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ግን ባዶ መሆኗን እንወቅ።

እንዲህ ያለችው ሽጉጥ ቀለህ ያለው ጥይት አትጎርስም። ባሩዱም ድቡልቡሉ እርሳስም የሚገቡት በአፈሙዟ ነው። ከኋላ፣ መዶሻው የሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ ጡት የመሰለች ቀዳዳ ብረት አለች፤ እሷ ላይ ትንሽ የመዳብ ቆብ ትደፋለች። ቃታው ሲሳብ መዶሻው ቆቧን ይመታታል፣ እሳቱም በቀዳዳዋ ገብቶ ባሩዱን ያቀጣጥለዋል። አንዴ ከተተኮሰች አለቀ፤ አንድ ጎራሽ የምንላት ናት። የሚያሳስበኝ ይህ ነው፦ የጥንቱ ባለቤት አጉርሷት ኪሱ ይከታታል፣ ሳይተኩሳት ይሞታል፣ ልጅ ለልጅ ሲቀባበላት ከመቶ ዓመት በላይ ያልፋል። ባሩድ ደግሞ እርጥበት ካላገኘው የቱንም ያህል ዘመን ቢቀመጥ ያው ባሩድ ነው።

በላክሽው ፎቶ ላይ ጡቷ ባዶ ናት፣ ቆብ አይታይባትም። ብታይባት ኖሮ «ሳጥኑን ክደኚና በአፈሙዝ የሚጎርስ መሣሪያ የሚያውቅ ጠጋኝ ጥሪ» ብዬ እዚሁ አቆም ነበር። አሁን አፈሙዟን ሰው ወደሌለበት ግድግዳ አዙሪ፣ መዶሻውን አትንኪ። አንድ መጻፊያ እርሳስ ውሰጂና ላጲሱ ባለበት በኩል ቀስ አድርገሽ እስከሚቆም አስገቢው፤ መዳፍሽ ፊት ለፊቷ አይሁን፣ ከጎን ያዢው። አፈሙዟ ጠርዝ ላይ በጥፍርሽ ምልክት ያዢና አውጥተሽ ከውጭ በኩል በብረቷ ላይ አስተኚው። ጫፉ ጡቷ ሥር ድረስ ከደረሰ ባዶ ናት። የአንድ ጣት ወርድ ያህል ካጠረ ውስጧ የሆነ ነገር አለ፤ ልቆርቁረው፣ ላውጣው እንዳትዪ። ጠጋኙ ያውጣው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ሄንሪ ደሪንጀር በ1786 የተወለደ፣ በ1806 ፊላዴልፊያ ውስጥ ሥራ የጀመረ ጠመንጃ ሠሪ ነው። አባቱም ከጀርመን የመጣ ጠመንጃ ሠሪ ነበር። ለመንግሥት ጠመንጃ ሲሠራ ኖሯል፤ ስሙን በዓለም የዘራለት ግን ይህች የኪስ ሽጉጥ ናት። በ1849 ሰው ወርቅ ፍለጋ ወደ ካሊፎርኒያ ሲጎርፍ ፈላጊዋ በዛ፤ አንድ ጎራሽ ስለሆነች ብዙ ጊዜ የምትሸጠው በጥንድ ነበር። ሰውየው በፓተንት አላስጠበቃትም። ስለዚህ አስመሳዩ ፈላ። ስሎተር የሚባል የፊላዴልፊያ ኩባንያ ውስጥ የገዛ ሠራተኞቹ የነበሩ ሰዎች ገብተው ቁርጥ እሷን የመሰለች ይሠሩ ነበር። ሌሎቹ ደግሞ ጆን ደሪንጀር የሚባል ልብስ ሰፊ ፈልገው ስሙን ተዋሱትና «ጄ. ደሪንጀር» እያሉ አተሙባት። ሽማግሌው ሳን ፍራንሲስኮ ያለ ነጋዴ ሳይቀር ከሰሰ፤ በ1865 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የንግድ ምልክቱን አከበረለት። በ1868 ሞተና ፊላዴልፊያ ሎረል ሂል መቃብር ተቀበረ። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሽጉጣቸውን የጠጡበት ዓመት መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

በፎቶው ላይ ያየሁትን ልንገርሽ። ጽሑፉ ሁለት መስመር ነው፤ የከተማይቱን ስም አሳጥሮ መጨረሻ ላይ «ኤ» የምትባለውን ፊደል ትንሽ አድርጎ ከፍ አድርጓታል። ልክ ነው፣ እሱ እንደዚያ ነበር የሚያትመው። «አር» የምትባለውም ፊደል መሀል ላይ አንድ ብቻ ናት፤ ሁለት አር ያለው «ዴሪንገር» በኋላ ለትንንሽ ሽጉጥ ሁሉ የወጣ የወል ስም ነው። በርሜሏ ግራ ጎን ላይ ጨረር የከበባት «ፒ» ፊደል መኖሯንም እዪልኝ፤ ያነሣሽው ቀኙን ብቻ ነው። ጣልያንና ስፔን የተሠሩት የዘመናችን ቅጂዎች የአገራቸው የፍተሻ ማኅተም (በርሜሉ ተፈትኖ ማለፉን የሚያሳይ ምልክት) አለባቸው፤ አንዳንዱ ጭራሽ «በጥቁር ባሩድ ብቻ» የሚል እንግሊዝኛ ይጻፍበታል። ያንቺ ላይ፣ ባየሁት ጎን፣ ይህ የለም።

ዋናው ምርመራ ግን በማጉያ መነጽር ነው። እኔ ፒያሳ ጀምሬ እዚህ ፊላዴልፊያ ድረስ ሰዓት ሠሪ ስለሆንኩ ዓይኔ ላይ የማጣብቃት መነጽር አለችኝ። ፊደሎቹን ቀርበሽ እዪ። ፊደል መጀመሪያ ታትሞ ዝገት በኋላ ከመጣ፣ ዝገቱ የፊደሉን ጠርዝ ይቀምሰዋል፤ እግሩ ጠቆር፣ አፉ ደነዝ ይላል። ፊደሉ የዝገቱን ጉድጓድ አቋርጦ ስለት ሆኖ ካለፈ ግን ትናንት የታተመ ነው። ይህን የተማርኩት ገንዘቤን ከፍዬ ነው፦ ዛሬ ስሙን የማላነሣው አንድ ነጋዴ ጥንድ ደሪንጀር ብሎ የሸጠልኝ፣ ተራ የዘመኑ ሽጉጥ ላይ ስም የተመታበት ነበር። በሱቁ መብራት ያማሩት ፊደሎች ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ከዝገቱ በላይ ተንሳፍፈው አየኋቸው። የዚያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ያንቺ ፊደሎች ግን በፎቶው እንደሚታየኝ ከብረቱ ጋር ያረጁ ናቸው፤ «ዲ» ግማሽ ተበልታለች። ደስ ብሎኛል። የመጨረሻውን ቃል ግን በእጁ ይዞ ያያት ባለሙያ ይናገር።

አሁን ወደ ባለቤትሽ። ጌጧ ብር አይደለም፤ «የጀርመን ብር» የሚሉት መዳብ፣ ዚንክና ኒኬል የተቀላቀለበት ነው፣ ስሙ እንጂ ብር የለበትም። ደግሞ በርሜሏ ላይ የሚታየው የተዥጎረጎረ ቡናማ ነገር እድፍ እንዳይመስላችሁ። ሠሪው ራሱ በተራ ብረት ላይ ደማስቆ የሚባለውን ዥጉርጉር ብረት እንዲመስል ብሎ የቀባው ነው። ቀጭን ቆዳ ነው፤ አንዴ ከተፈተገ ማንም አይመልሰውም። እኔ መጀመሪያ የገዛኋት ሽጉጥ በርሜሏ ወደ ጎን የምትዞር፣ ሦስተኛው የኮልት ዓይነት ነበረች። ኒኬሏ እዚህም እዚያም ረግፎ ነበርና፣ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቁጭ ብዬ በድስት ማጠቢያ ሽቦ እንደ ማንኪያ እስክታበራ ፈተግኳት። ገማቹ ዘንድ ስወስዳት አንዴ ገለበጣት፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት፣ «ማን ነው ይህን ያደረገው?» አለኝ። የመቶ ዓመት እጅ የነካካው ገጽ በአንድ ከሰዓት ጠፋ። እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለች፤ ሳያት ልቤ ይሰበራል።

ስለዚህ በጥጥ ጓንት ያዣት፤ የእጅ ላብ ጨው ነው፣ የጣት አሻራ ዝገት ሆኖ ይቀራል። በለስላሳ ጨርቅ አቧራዋን ብቻ አንሺ። ባለሙያው ካያት በኋላ ሙዚየሞች የሚጠቀሙበትን ሬኔሳንስ የሚባል ሰም ስስ አድርጎ መቀባት ይበቃል። ሳጥኗ ውስጥ የምትተኛበት ቆዳ ካለ ከቆዳው ለዪአት፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል።

ዋጋዋን በፎቶ አልነግርሽም። ገጿ ምን ያህል አልተነካም፣ ጥንዷ አለች የለችም፣ የማን ነበረች የሚሉት ሦስቱ ናቸው የሚወስኑት። የመጨረሻው ደግሞ በእጅሽ ነው። የልጅቱን ደብዳቤ አትጣዪ! አዛውንቱ ከማን እንዳገኟት ታውቅ እንደሆነ በትሕትና ጠይቂያትና በእጇ ጽፋ ፈርማ ትስጥሽ። ከዚያ ራሱ ሊገዛት የማይፈልግ ገማች በጽሑፍ ይገምትልሽ። የሚገዛና የሚገምት አንድ ሰው ከሆነ ተነሥተሽ ውጪ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ዋሽንግተን ታክሲ እነዳለሁ። ሰው ወደ ፎርድ ቲያትር ሳደርስ «ሊንከን የተገደለባት ሽጉጥ ተሰርቃለች፣ እዚያ ያለችው ቅጂ ናት» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ ወንድሜ። ያቺም ደሪንጀር ናት። ወሬው የቆየ ነው፤ ሌቦች በ1960ዎቹ ለውጠዋታል ተብሎ ስለተወራ በ1997 ኤፍ ቢ አይ ላቦራቶሪው ወስዶ መርምሯታል። በ1930ዎቹ ከተነሡ ፎቶዎች ጋር ሲያስተያዩ የእንጨቷ ስንጥቅና የሰደፏ የእንጨት ጅማት አንድ ሆነው ተገኙ። እንጨት እንደ ጣት አሻራ ነው፣ ሁለት አይመሳሰልም። እሷው ናት።

አንተም ገብተህ እያት፤ ከአንድ ስንዝር ታንሳለች። ኤፕሪል 14 ቀን 1865 ማታ ገዳዩ ጆን ዊልክስ ቡዝ ከተኮሳት በኋላ ሌላ ጥይት አልነበራትም። ከሊንከን ጋር ተቀምጦ የነበረው ሜጀር ራትቦን ተነሥቶ ሲይዘው ሽጉጧን ጥሎ በጩቤ የወጋው ለዚህ ነው፤ ሽጉጧም እዚያው ወለሉ ላይ ተገኘች። እኔ የኪስ ሽጉጥ መሰብሰቤን ሰው ሲጠይቀኝ ስለ እሷ ሳልናገር አላልፍም። ውብ የእጅ ሥራ ናት፣ ሰው ለመግደል የተሠራች ናት፤ ሁለቱንም ይዞ ማየት አለበት ሰብሳቢ።

ጥያቄ፦ ሚኒሶታ ነኝ፣ ገና ጀማሪ ነኝ። ገንዘቤ ትንሽ ነው። በምን ልጀምር?

መልስ፦ በደሪንጀር አትጀምር፤ አስመሳዩ ብዙ፣ ስሕተቱ ውድ ነው። ከ1867 እስከ 1888 የተሠራችውን ባለ አንድ ጥይት ሬሚንግተን ኤሊየት ፈልግ። መዶሻዋ ራሱ ጥይቱን ከኋላ ደግፎ ስለሚይዝ ክፍሎቿ ጥቂት ናቸው፤ አሠራሯን በአንድ ምሽት ትረዳለህ። የሬሚንግተንን ስም ደግሞ እኛ ቤት እናውቀዋለን፤ አባቶቻችን ጉራ ላይ ከግብጽ ጦር የማረኩት የዚሁ ፋብሪካ ጠመንጃ ነበር። ከመግዛትህ በፊት ግን ስድስት ወር ዝም ብለህ እይ። ኤግዚቢሽን ሂድ፣ ፈቃድ ጠይቀህ በእጅህ ያዝ፣ የብሎኖቿን አናት ተመልከት፤ ጥርሳቸው የተጎረደ ከሆነ ከአንተ በፊት ሥራውን የማያውቅ ሰው ፈትቷታል። በፌዴራል ሕግ በ1898 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራች «ጥንታዊ» ትባላለች፣ በፈቃድ ያዥ ነጋዴ በኩል እንድትዛወር አይገደድም። ይሁን እንጂ ስቴቶች የየራሳቸው ሕግ አላቸውና የምትኖርበትን ስቴት ፖሊስ ጠይቀህ ግዛ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አባቴ አዲስ አበባ ናቸው፤ አሮጌ መሣሪያ ይወዳሉ። አንድ ጎራሼን ይዤላቸው ልሂድ?

መልስ፦ ተው ልጄ። ለአሜሪካ ሕግ ጥንታዊ የሆነችው ለቦሌ ፈታሽ ሽጉጥ ናት። አገራችን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አላት (ይህ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው)፤ አስቀድሞ የተሰጠ ፈቃድ በእጅህ ሳይኖር አትሞክረው። አባትህ ልጃቸውን ሊቀበሉ መጥተው ፖሊስ ጣቢያ እንዳይውሉ። ከመስኮት በሚገባ የጠዋት ብርሃን፣ በነጭ ጨርቅ ላይ፣ ሁለቱንም ጎኗን ፎቶ አንሣና በትልቁ አሳትመህ ውሰድላቸው። ከአጠገቧ አንድ ሳንቲም አስቀምጥ፤ ያለዚያ ትንሽነቷ አይታያቸውም።